ሊኑክስ ላይ ዋይፋይ እምቢ ሲል ማሽኑን ራሱን ጠይቁት

ሊኑክስ (እንደ ዊንዶውስ ያለ የኮምፒውተር ሲስተም) አዲስ የጫነ ሰው መጀመሪያ በዓይኑ የሚፈልገው የዋይፋይ ምልክቷን ነው። ካለች እፎይ ይላል። ከሌለች ግን ስልኩን አውጥቶ ያገኘውን ትዕዛዝ ሁሉ መገልበጥ ይጀምራል። ከአንዱ ቪዲዮ አንድ መስመር፣ ከሌላው ሁለት መስመር። ማታ ላይ ማሽኑ ከነበረበት ይብስበታል። ከዚያ «ይሄ ነገር ለእኛ አይሆንም» ተብሎ ወደ ዊንዶውስ ይመለሳል። ይህ ሁልጊዜ ያሳዝነኛል። ምክንያቱም አብዛኛውን ጊዜ የጎደለው አንድ ፓኬጅ (ተጠቅልሎ የሚወርድ ፕሮግራም) ብቻ ነው። የትኛው እንደሆነ ደግሞ ማሽኑ ራሱ ይናገራል፤ የሚያጣው የሚጠይቀውን ሰው ነው።

በቅርቡ የሠራሁትን አንድ ላፕቶፕ እንደ ምሳሌ ልውሰድ። የላፕቶፑ ባለቤት የጎረቤታችን ልጅ ናት፤ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ። ላፕቶፑ ያገለገለ ነው፣ ዘመድ ከውጭ የላከላት። ዊንዶውሱ ለመነሳት እንኳ ብዙ ደቂቃ ይፈጅ ስለነበር ዴቢያን 12 (አንዱን የሊኑክስ ስርጭት) ጫንኩላት። ስክሪኑ ደህና፣ ድምፁ ደህና፣ ታችፓዱ ደህና። ዋይፋይ የለም።

«ጋሼ፣ ስልኬ ላይ ኔትወርኩ ይታያል። እዚህ ግን ዋይፋይ የሚባል ነገር ራሱ የለም» አለችኝ።

ይህ አነጋገሯ ግማሹን ሥራ ሠራልኝ። ሁለት የተለያዩ ችግሮች አሉ፤ ሰው ግን አንድ አድርጎ ያያቸዋል። ዋይፋይ የሚለው ክፍል ኖሮ የኔትወርክ ስሞች ካልመጡ፣ ካርዱ (ዋይፋይ የሚቀበለው የላፕቶፑ ክፍል) ተነስቷል ማለት ነው፤ ችግሩ ከዚያ በኋላ ነው። ክፍሉ ራሱ ከሌለ ግን ሲስተሙ ካርዱን ገና አላወቀውም። በዚህ ጊዜ ፓስወርድ መቀያየርም ሆነ ራውተሩን አጥፍቶ ማብራት ምንም አይጠቅምም።

ወደ ሥራው ከመግባቴ በፊት፦ ትዕዛዞቹን እዚህ በምንጠራቸው መልክ በፊደላችን ጽፌያቸዋለሁ። ተርሚናል (ትዕዛዝ የሚጻፍበት መስኮት) ላይ በላቲን ትንንሽ ፊደላት ነው የሚጻፉት። ኤልኤስፒሲአይ ካልኩ አምስቱን ፊደላት ተራ በተራ ማለቴ ነው።

መጀመሪያ ኢንተርኔት ያስፈልጋል። ዋይፋይ ለማስነሳት ፓኬጅ ይወርዳል፣ ፓኬጅ ለማውረድ ኢንተርኔት ይጠይቃል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ተስፋ ይቆርጣል። መፍትሔው ኪሳችሁ ውስጥ ነው። አንድሮይድ ስልካችሁን በዩኤስቢ ገመድ ላፕቶፑ ላይ ሰኩት። ከስልኩ ሴቲንግ ውስጥ ሆትስፖትና ቴዘሪንግ የሚለውን ገብታችሁ ዩኤስቢ ቴዘሪንግን አብሩ። ሊኑክስ ይህን ያለ ምንም ተጨማሪ ድራይቨር (ሲስተሙ ከመሣሪያው ጋር የሚነጋገርበት ኮድ) ያውቀዋል፤ እንደ ባለ ገመድ ኔትወርክ ወዲያው ይነሳል።

የዳታ ወጪ የሚያሳስባችሁ ካላችሁ አንድ ጥሩ ነገር አለ። ስልኩ ራሱ በዚያ ሰዓት ከዋይፋይ ጋር ከተገናኘ፣ አብዛኞቹ አንድሮይዶች በገመዱ የሚያሳልፉት ያንኑ ዋይፋይ ነው። የሞባይል ዳታችሁ አይነካም። እኔም ያደረግኩት ይህንኑ ነው። ዩኤስቢ ቴዘሪንግ የሚለው ደብዝዞ አልነካ ካላችሁ ገመዱን ጠርጥሩ። ቻርጅ ብቻ የሚያደርጉ፣ ዳታ የማያሳልፉ ገመዶች ገበያው ላይ ሞልተዋል።

አሁን ማሽኑን እንጠይቅ። ተርሚናል ከፍታችሁ «ኤልኤስፒሲአይ -ኤንኤንኬ» ብላችሁ ጻፉ። ብዙ መስመር ይመጣል። እናንተ የምትፈልጉት ኔትወርክ ኮንትሮለር የሚለውን ነው። ኢተርኔት ኮንትሮለር የሚለው የገመዱ ነው፣ እለፉት። በዚህች ልጅ ላፕቶፕ ላይ የመጣው ብሮድኮም ቢሲኤም43142 የሚል ነበር፤ ከጎኑ በማዕዘን ቅንፍ 14ኢ4:4365 የሚል ቁጥር አለው።

ከስሙ ይልቅ ይህን ቁጥር ነው የምወደው። ከሁለቱ ነጥቦች በፊት ያለው የአምራቹ መለያ ነው፤ በኋላ ያለው የቺፑ። 14ኢ4 ካለ ብሮድኮም ነው። 8086 ኢንቴል ነው። 10ኢሲ ሪልቴክ፣ 168ሲ ደግሞ አቴሮስ ነው። ላፕቶፑ ላይ የተለጠፈው ብራንድ እዚህ ቦታ የለውም። አንድ ዓይነት ሞዴል ያላቸው ሁለት ላፕቶፖች የተለያየ ካርድ ይዘው ሊወጡ ይችላሉ። ስለዚህ «የእኔም እንዳንተው ላፕቶፕ ነው፣ እኔ ጋ በዚህ ሠርቷል» የሚል ምክር ስትሰሙ መጀመሪያ ቁጥሩን ጠይቁ። ካርዱ በዩኤስቢ የሚሰካ ከሆነ ደግሞ ትዕዛዙ «ኤልኤስዩኤስቢ» ነው፤ ቁጥሩም እዚያው ይገኛል።

ከዚያው መስመር ሥር ገባ ብለው የተጻፉ ሌሎች መስመሮች አሉ። አንዱ በሥራ ላይ ያለውን የከርነል (የሲስተሙ እምብርት) ድራይቨር ይነግራችኋል። እዚህ ቦታ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። በእኛ ማሽን ላይ «ቢሲኤምኤ-ፒሲአይ-ብሪጅ» የሚል ነበር የተጻፈው። ሲያዩት ድራይቨር ያለው ይመስላል። ግን ያ የዋይፋይ ድራይቨር አይደለም። በካርዱና በማሽኑ መካከል መንገድ የሚከፍት ድልድይ ብቻ ነው። ከድልድዩ በኋላ የሚመጣው ድራይቨር የለም። ለማረጋገጥ «አይፒ ሊንክ» ብዬ ጠየቅኩት። ኤልኦ (ማሽኑ ከራሱ ጋር የሚነጋገርበት) አለ፣ የገመዱ አለ፣ የስልኩ አለ። በደብሊውኤል የሚጀምር፣ ማለትም የዋይፋይ፣ አንድም የለም። ስለዚህ የጎደለው ድራይቨር ነው፤ ሌላ ነገር መነካካት አያስፈልግም።

እዚህ ላይ ድራይቨርና ፈርምዌር ምን እንደሚለያዩ ላስረዳ፤ ሁለቱን መለየት ብዙ ልፋት ያድናል። ድራይቨር በላፕቶፑ ፕሮሰሰር ላይ፣ ከርነል ውስጥ የሚሠራ ኮድ ነው። ፈርምዌር ደግሞ ድራይቨሩ ወደ ካርዱ አሳልፎ የሚጭነው፣ በካርዱ ቺፕ ላይ የሚሠራ ፕሮግራም ነው። የኢንቴል ካርዶች ድራይቨር ከርነል ውስጥ አስቀድሞ አለ፤ የሚጎድላቸው ፈርምዌሩ ነው። ያንን «ሱዶ ዲኤምኢኤስጂ» የሚባለው ትዕዛዝ (ሱዶ ማለት በአስተዳዳሪ ሥልጣን ማለት ነው) ፈርምዌር የሚል ቃል እያነሳ፣ የፋይሉን ስም ሳይቀር ጠርቶ ይነግራችኋል። ዴቢያን ላይ ፈርምዌር-አይደብሊውኤልዋይፋይ የሚባለውን ፓኬጅ ስትጭኑ ነገሩ ያበቃል።

ዴቢያን 12 እ.ኤ.አ. ሰኔ 2023 ሲወጣ ይህን ጣጣ በጣም አቅልሎታል። ከዚያ በፊት ነፃ ያልሆኑ ፈርምዌሮች ከመደበኛው የመጫኛ ዲስክ ውጪ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2022 የዴቢያን አባላት ድምፅ ሰጥተው እንዲገቡ ወሰኑ፤ ነን-ፍሪ-ፈርምዌር የሚባል ራሱን የቻለ ክፍልም ተፈጠረ። በዚህ ምክንያት «ዴቢያን 12 ሁሉንም ካርድ ያውቃል» የሚል ወሬ ተሠራጭቷል። ለኢንቴል በአብዛኛው እውነት ነው። ለዚህ ብሮድኮም ግን አይደለም፤ ምክንያቱም እሱ የሚፈልገው ፈርምዌር ብቻ ሳይሆን ምንጩ ያልተከፈተ ድራይቨር ነው። ድራይቨሩ የሚገኘው ደግሞ ነን-ፍሪ በሚባለው በድሮው ክፍል ውስጥ ነው። ሁለቱ ክፍሎች በስም ይመሳሰላሉ እንጂ አንድ አይደሉም።

ብሮድኮም ሁሉ እንዲህ ነው ማለቴ አይደለም። ኩባንያው እ.ኤ.አ. መስከረም 2010 ለአንዳንድ ቺፖቹ ምንጩ የተከፈተ ድራይቨር አውጥቷል። ቢሲኤም4313 ከነዚያ አንዱ ነው፤ በተከፈተው ድራይቨር ይሠራል። አንዳንድ የቆዩ ቺፖች ደግሞ ቢ43 በሚባለው ድራይቨር ይነሳሉ። ቢሲኤም43142 ግን ከሁለቱም ውጪ ነው። ኢንተርኔት ላይ «ብሮድኮም ካርድ» የሚል ሁሉ አንድ ላይ ተጨፍልቆ ስለሚጻፍ ነው ሰው የቢ43 ፈርምዌር ጭኖ፣ ጠብቆ፣ ምንም ሳይነሳ የሚቀረው። ለዚህ ነው ቁጥሩን ያዙ የምለው።

ወደ ማሽኑ እንመለስ። ኢቲሲ ሥር፣ አፕት የሚባለው ፎልደር ውስጥ፣ ሶርስስ-ነጥብ-ሊስት የሚባል ፋይል አለ። በሱዶ ከፍታችሁ ሜይን የሚለውን ቃል በያዙት መስመሮች መጨረሻ ላይ ኮንትሪብ እና ነን-ፍሪ መኖራቸውን እዩ። ከሌሉ ጨምሩ። ነን-ፍሪ-ፈርምዌር ካለ አትንኩት፣ ይቆይ። ከዚያ «ሱዶ አፕት አፕዴት» በሉ።

ቀጥሎ የምነግራችሁን ነገር ብዙ መመሪያዎች ይዘሉታል፤ እኔ ግን ከሁሉም በላይ ሰው የሚያስቸግረው ይሄ ነው እላለሁ። ደብሊውኤል የሚባለው የብሮድኮም ድራይቨር ተዘጋጅቶ አይመጣም። እናንተ ማሽን ላይ፣ ለእናንተ ከርነል ነው የሚገነባው። የሚገነባው ዲኬኤምኤስ የሚባል መሣሪያ ነው። ለግንባታው የከርነሉን ሄደር ፋይሎች ይፈልጋል። ሄደሮቹ ደግሞ አሁን እየሠራ ካለው ከርነል ጋር ቁጥር በቁጥር መግጠም አለባቸው። መጫኛ ፍላሻችሁ የተዘጋጀው ከወራት በፊት ከሆነ የጫናችሁት ከርነል አሮጌ ነው። አፕት ግን የሚያመጣላችሁ የአዲሱን ከርነል ሄደር ነው። ድራይቨሩ ለአዲሱ ከርነል ይገነባል፤ እናንተ አሮጌው ላይ ናችሁ። ከዚያ ድራይቨሩን ለማስነሳት «ሱዶ ሞድፕሮብ ደብሊውኤል» ስትሉ ሞጁሉ (ድራይቨሩ) አልተገኘም ይላችኋል። ሁሉም ነገር ያለ ስህተት ተጭኖ እያለ!

ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ይህ ይሁን። መጀመሪያ «ሱዶ አፕት ፉል-አፕግሬድ» ብላችሁ ሲስተሙን አድሱ። ሪስታርት አድርጉ። ስትመለሱ «ዩኔም -አር» ብላችሁ የከርነሉን ቁጥር እዩ። ከዚህ በኋላ ነው «ሱዶ አፕት ኢንስቶል ሊኑክስ-ሄደርስ-ኤኤምዲ64 ብሮድኮም-ኤስቲኤ-ዲኬኤምኤስ» የሚባለው። ሄደሩን የቁጥሩን ስም ጠርታችሁ ሳይሆን ሊኑክስ-ሄደርስ-ኤኤምዲ64 ብላችሁ በጥቅል ስሙ ጫኑት። እንዲህ ከሆነ ወደፊት ከርነሉ ሲታደስ ሄደሩም አብሮ ይታደሳል፣ ዲኬኤምኤስም ድራይቨሩን እንደገና ይገነባል። በቁጥር ከጫናችሁት ግን ከርነል በታደሰ ቁጥር ዋይፋዩ ይጠፋል፤ «አፕዴት አበላሸብኝ» የሚባለው አብዛኛው ጊዜ ይሄ ነው።

ሲጫን ስክሪኑን ተመልከቱ። ዲኬኤምኤስ የከርነሉን ቁጥር እየጠራ የሚገነባውን ይናገራል። የጠራው ቁጥር ቅድም ዩኔም ካሳያችሁ ጋር አንድ ከሆነ ልባችሁ ይረፍ። ፓኬጁ የሚጋጩትን ሌሎች ድራይቨሮች እንዳይነሱ ራሱ ያግዳቸዋል። ስለዚህ ሪስታርት ማድረግ ይበቃል።

እዚህ ላይ የእኛ ማሽን አንድ ተጨማሪ ነገር ጠየቀ። ሪስታርት ካደረግን በኋላም ዋይፋዩ አልመጣም። «ሱዶ ሞድፕሮብ ደብሊውኤል» ስለው ቁልፉን አልቀበልም የሚል መልስ ሰጠ። ይህ መልስ ግልጽ ነው፤ ሴኪዩር ቡት በርቷል ማለት ነው። ሴኪዩር ቡት ያልተፈረመ ኮድ ከርነል ውስጥ እንዳይገባ ይከለክላል። ዲኬኤምኤስ የገነባውን ድራይቨር በራሱ ቁልፍ ይፈርመዋል፤ ግን ማሽኑ ያንን ቁልፍ ገና አያውቀውም።

ብዙ ሰው በዚህ ጊዜ ባዮስ (ኮምፒውተሩ ሲነሳ የሚከፈተው ቅንብር) ገብቶ ሴኪዩር ቡትን ያጠፋል። ይሠራል። እኔ ግን ቁልፉን ማስመዝገቡን እመርጣለሁ፤ ጥበቃው እንዳለ ይቆያል፣ ሥራውም ትንሽ ነው። «ሱዶ ሞክዩቲል --ኢምፖርት» ብላችሁ፣ ቀጥሎ ቫር ሥር፣ ሊብ ውስጥ፣ ዲኬኤምኤስ ውስጥ ያለውን ሞክ-ነጥብ-ፐብ የሚባለውን ፋይል ስጡት። ፓስወርድ ይጠይቃችኋል። ይህ ለአንድ ጊዜ ብቻ የሚያገለግል ነው፤ ቀለል ያለ ምረጡ፣ ግን እንዳትረሱት። ሪስታርት ስታደርጉ ሰማያዊ ስክሪን ይመጣል። ብዙ ሰው ደንግጦ ኮምፒውተሩን ያጠፋዋል። አትደንግጡ፣ የምትጠብቁት እሱን ነው። ኤንሮል ሞክ የሚለውን መርጣችሁ፣ ኮንቲኒው፣ የስ፣ ከዚያ ያቺን ፓስወርድ። ስክሪኑ የሚቆየው ለጥቂት ሰከንዶች ነው። ቁልፍ ሳትነኩ ካለፋችሁ ሲስተሙ እንደ ወትሮው ይነሳል፤ ትዕዛዙን ደግማችሁ እንደገና ሪስታርት አድርጉ።

ከዚህ በኋላ ሲነሳ «አይፒ ሊንክ» ላይ ደብሊውኤልፒ2ኤስ0 የሚል አዲስ ስም ነበር። ይህ ስም የዘፈቀደ አይደለም። ካርዱ የተሰካበትን የፒሲአይ መስመርና ቦታ ነው የሚናገረው። የእናንተ 3 ወይም 4 ሊል ይችላል። መመሪያ ላይ ደብሊውላን0 የሚል ካያችሁ የእናንተን ስም ተኩበት።

ካርዱ ተነስቶ አሁንም ኔትወርክ ካላሳየ ቀጣዩ ጥያቄ «ሱዶ አርኤፍኪል ሊስት» ነው። ሁለት ዓይነት እገዳ ያሳያል። ሶፍት የሚለው የስ ካለ በሶፍትዌር የተዘጋ ነው፤ «ሱዶ አርኤፍኪል አንብሎክ ዋይፋይ» ይከፍተዋል። ሃርድ የሚለው የስ ካለ ግን ምንም ትዕዛዝ አይከፍተውም። ላፕቶፑ ጎን ላይ ያለች ማብሪያ ማጥፊያ ወይም ከኤፍኤን ጋር የምትጫኑት ቁልፍ ናት። ያገለገሉ ላፕቶፖች ላይ ያቺ ማብሪያ በቦርሳ ውስጥ ተገፍታ ተዘግታ ትቀራለች።

መገናኘቱ ከዚህ ሁሉ ቀላሉ ነው። ዴስክቶፕ ካላችሁ ከምልክቷ ላይ መርጣችሁ ፓስወርድ ታስገባላችሁ፣ በቃ። ዴስክቶፕ ከሌለ ወይም ተርሚናል ከመረጣችሁ «ኤንኤምሲኤልአይ ዲቫይስ ዋይፋይ ሊስት» አካባቢያችሁ ያሉትን ከነጥንካሬያቸው ይዘረዝራል። ለመገናኘት «ኤንኤምሲኤልአይ --አስክ ዲቫይስ ዋይፋይ ኮኔክት» ብላችሁ የኔትወርኩን ስም ጨምሩ። ስሙ ክፍት ቦታ ካለው በጥቅስ ምልክት ውስጥ አስገቡት። አስክ የሚለውን የጨመርኩት ፓስወርዱን ለብቻው እንዲጠይቃችሁ ነው። ፓስወርዱን ትዕዛዙ ላይ አብራችሁ ከጻፋችሁት በተርሚናሉ ታሪክ ውስጥ ተመዝግቦ ይቀራል። ላፕቶፑን ከሌላ ሰው ጋር የምትጋሩ ከሆነ ይህ ደስ አይልም።

ዲቫይሱ አንማኔጅድ (የማይተዳደር) የሚል ከሆነ ምክንያቱ ሌላ ነው። ያለ ዴስክቶፕ ዴቢያንን በዋይፋይ በኩል ስትጭኑ መጫኛው የኔትወርኩን ስም ኢቲሲ ሥር፣ ኔትወርክ ውስጥ፣ ኢንተርፌስስ የሚባል ፋይል ላይ ይጽፋል። ኋላ ኔትወርክ ማኔጀር (ኔትወርኩን የሚያስተዳድረውን ፕሮግራም) ስትጨምሩ «ይህ ካርድ የሌላ ነው» ብሎ አይነካውም። ከዚያ ፋይል ላይ የዋይፋዩን መስመሮች አውጥታችሁ ኤልኦ የሚለውን ብቻ አስቀሩ። ኔትወርክ ማኔጀርን ሪስታርት አድርጉ።

ልጅቷ ደስ ብሏት ከተገናኘች በኋላ ሌላ ጥያቄ አመጣች። ቤታቸው ያለው ራውተር ሁለት ስም ያወጣል፤ አንዱ መጨረሻው ላይ 5ጂ ይላል። ስልኳ ላይ ሁለቱም አሉ፣ ላፕቶፑ ላይ አንዱ ብቻ። ይህ ብልሽት አይደለም። ቢሲኤም43142 በ2.4 ጊጋኸርዝ ብቻ ነው የሚሠራው። 5 ጊጋኸርዙን ምንም ድራይቨር አያሳየውም። ሁለቱም ባንድ ያለው ካርድ ኖሯችሁ አንድ የተወሰነ ኔትወርክ ብቻ ካልታያችሁ ግን ራውተሩ ያለበትን ቻናል እዩ። 12 ወይም 13 ላይ ከሆነ፣ ካርዳችሁ ደግሞ በአሜሪካ ደንብ ከተዋቀረ፣ አያየውም፤ አሜሪካ የሚፈቀደው እስከ 11 ነው። «ሱዶ አይደብሊው ሬግ ጌት» የትኛው አገር ላይ እንዳላችሁ ይነግራችኋል። ቀላሉ መፍትሔ ራውተሩን 1፣ 6 ወይም 11 ላይ ማድረግ ነው።

ደብሊውኤል ድራይቨር ደብሊውፒኤ3ን (አዲሱን የዋይፋይ ፓስወርድ ጥበቃ) እንደማያውቅም ልብ በሉ። ብሮድኮም ያወጣው የመጨረሻው ስሪት እ.ኤ.አ. የ2015 ነው፤ ለአዳዲስ ከርነሎች እያስተካከሉ የሚያቆዩት የዴቢያንና የሌሎች ስርጭቶች በጎ ፈቃደኞች ናቸው። ራውተራችሁ ደብሊውፒኤ3 ብቻ ላይ ከሆነ ስሙ ይታያል፣ ግን አያገናኝም። ራውተሩ ላይ የ2 እና የ3 ቅልቅል የሚለውን ምረጡ።

በሌሎች ካርዶች ላይ ደጋግሜ የማየው ችግር ደግሞ ተገናኝቶ መቆራረጥ ነው። ገጽ ይከፍታል፣ ትንሽ ዝም ካላችሁ ይተኛል። አብዛኛውን ጊዜ ባትሪ ለመቆጠብ ካርዱን የሚያስተኛው ቅንብር ነው። «ሱዶ አይደብሊው ዴቭ» ብላችሁ የካርዱን ስም፣ ቀጥሎ «ሴት ፓወር_ሴቭ ኦፍ» በሉ። ከተሻለው፣ በቋሚነት ለማጥፋት ኔትወርክ ማኔጀር ፎልደር ውስጥ ኮንፍ-ነጥብ-ዲ የሚባለው ሥር ትንሽ ፋይል ፍጠሩ። በማዕዘን ቅንፍ ኮኔክሽን ብላችሁ፣ ከሥሩ ዋይፋይ-ነጥብ-ፓወርሴቭ እኩል ይሆናል 2። እዚህ 2 ማለት አጥፋ ማለት ነው፤ 3 ነው አብራ የሚለው። ፓስወርዱ ትክክል ሆኖ ደጋግሞ የሚጠይቃችሁ ከሆነ ደግሞ፣ በተለይ በዩኤስቢ ካርዶች ላይ፣ ኔትወርክ ሲፈልግ የካርዱን አድራሻ የሚቀያይረውን ቅንብር ማጥፋት ይረዳል። እዚያው ፋይል ላይ ዲቫይስ በሚል ክፍል ሥር ዋይፋይ-ነጥብ-ስካን-ራንድ-ማክ-አድሬስ እኩል ይሆናል ኖ።

ስለ ዩኤስቢ ካርዶች ካነሳሁ፣ ለመግዛት የምታስቡ ካላችሁ ከመግዛታችሁ በፊት ስለ ቺፑ ጠይቁ። ካርቶኑ ላይ ያለው ስም አይበቃም። ቲፒ-ሊንክ ቲኤል-ደብሊውኤን722ኤን የሚባለው ለምሳሌ የመጀመሪያው ስሪት አቴሮስ ኤአር9271 ነው፤ ሊኑክስ ላይ በጣም ጥሩ ይሠራል። ሁለተኛው ስሪት ግን ውስጡ ሪልቴክ ነው። ሪልቴክ የዩኤስቢ ካርድ ካላችሁ የከርነሉ ዕድሜ ወሳኝ ነው። እንደ 8821ሲዩ ያሉት ከርነል ውስጥ የገቡት በ6.2 ነው። ዴቢያን 12 የሚመጣው በ6.1 ነው፣ አንድ እርምጃ አመለጠው። ዴቢያን 13 በ6.12 ስለሚመጣ ለእነዚህ የተሻለ ነው። አንዳንዶቹ ስትሰኳቸው መጀመሪያ ራሳቸውን እንደ ሲዲ ያስተዋውቃሉ፤ ውስጣቸው የዊንዶውስ ድራይቨር ስለያዙ ነው። ዩኤስቢ-ሞድስዊች የሚባለው ፓኬጅ ወደ ዋይፋይነታቸው ይመልሳቸዋል።

ኡቡንቱ (ሌላ የሊኑክስ ስርጭት) የምትጠቀሙ ይህን ሁሉ መንገድ አትሄዱም። አዲሽናል ድራይቨርስ የሚለውን ከፍታችሁ ብሮድኮሙን መምረጥ ነው፤ ኢንተርኔቱን ግን እንደቅድሙ ከስልክ ስጡት። ወደ ቢኤስዲ (ሊኑክስን የሚመስል ሌላ ሲስተም) የሄዳችሁ ደግሞ የካርዱ ስም ራሱ ድራይቨሩን እንደሚናገር ታያላችሁ፤ አይደብሊውኤም0 ካለ ድራይቨሩ አይደብሊውኤም ነው። ኦፕንቢኤስዲ ላይ ኤፍደብሊው_አፕዴት ፈርምዌሩን ያመጣል። ቀሪው ሆስትኔም-ነጥብ-አይደብሊውኤም0 በሚባል ፋይል ላይ ሁለት መስመር ነው፤ አንዱ ጆይን ብሎ የኔትወርኩን ስምና ፓስወርዱን ይይዛል፣ ሌላው ኢኔት አውቶኮንፍ ይላል። ከዚህ የጠራ አሠራር አላየሁም።

ሁሉም ካለቀ በኋላ የወረዱትን ፓኬጆች ፍላሽ ላይ አስቀምጡ። ቫር ሥር፣ ካሽ ውስጥ፣ አፕት ውስጥ፣ አርካይቭስ በሚባለው ፎልደር ውስጥ ዴብ የሚል መጨረሻ ያላቸው ፋይሎች ናቸው። እዚያ ካላገኛችኋቸው «አፕት-ጌት ዳውንሎድ» ብላችሁ በስማቸው አውርዷቸው። ለዚህች ልጅም አስቀምጬላታለሁ፤ ግቢ ውስጥ እንደሷ ዓይነት ላፕቶፕ ያላቸው ጓደኞች አሏት፣ ዴቢያን 12 እስከጫኑ ድረስ ብዙውን ከዚያው ያገኙታል።

አልሆን ካላችሁና ሰው ከጠየቃችሁ፣ «ዋይፋዬ አይሠራም» ብቻ ብላችሁ አትላኩ። ማንም ሊረዳችሁ አይችልም። የኤልኤስፒሲአይን የኔትወርክ ክፍል፣ የዩኔምን ቁጥር፣ የአርኤፍኪልን ዝርዝርና ከዲኤምኢኤስጂ ፈርምዌር የሚሉትን መስመሮች ላኩ። የስክሪኑን ፎቶ ሳይሆን ጽሑፉን፤ ቁጥሮቹ ከፎቶ ላይ ሲነበቡ ይሳሳታሉ። ከመላካችሁ በፊት የቤታችሁን ኔትወርክ ስምና የካርዱን አድራሻ አጥፉበት።